ወንድምዎ የሰማው የትኛውን ግማሽ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ ጠርዝ ላይ አነስተኛ የዶሮ እርባታ አላቸው። የሚኖሩት ግን መገናኛ ነው። ሲም ካርድ የሚወስድ አላርም ገዝተው አስገጠሙ። መብራት ሲጠፋ ወይም በር ሲከፈት የተቀዳ ድምፃቸውን ይዞ እንዲደውል ነበር ሐሳቡ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ለእሳቸው አልደወለም። ለወንድማቸው ደወለ፤ እሱ ግን ግማሽ መልእክት ብቻ ሰምቶ "የተሳሳተ ጥሪ ነው" ብሎ ተኛ። ጠዋት ሲደርሱ ከ500 ጫጩቶች ብዙዎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። "ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የእኛ? ሌላ ልግዛ?" ይላሉ።

እህቴ፣ አይዞዎት። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ የሚታየው ደግሞ ሌላ።

ሌላ አይግዙ። ቢያንስ ወንድምዎን አንድ ነገር ሳይጠይቁ አይግዙ። የሰማው የትኛውን ግማሽ ነው? መጀመሪያውን ወይስ መጨረሻውን?

ቀልድ ሊመስልዎት ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ብልሽት ሲመጣልኝ ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። "'...ቤት መብራት ጠፍቷል፣ ቶሎ ድረሱ' ሲል ነው የሰማሁት" ካለዎት የተቆረጠው መጀመሪያው ነው። ዕቃው ወንድምዎ ስልኩን ሳያነሳ ማውራት ጀምሯል ማለት ነው። "'ሰላም፣ ይህ የዶሮ...' ብሎ ጭጭ አለ" ካለዎት ደግሞ የጠፋው መጨረሻው ነው። ዕቃው እያወራ ራሱ ሞቷል። ሁለቱ በሽታዎች ዝምድና የላቸውም። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

መጀመሪያው ተቆርጦ ከሆነ እንዲህ ነው የሚሆነው። ደዋዩ፣ ማለትም አላርሙ ውስጥ ያለው የሚደውለው ዕቃ፣ ሥራው ቀላል ነው። ሴንሰሩ ሲነካ የተመዘገበለትን ቁጥር ይደውላል። ሰው ሲያነሳ የተቀዳውን ድምፅ ይለቃል። ከዚያ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል። ጣጣው ያለው "ሰው ሲያነሳ" የምትለዋ ላይ ነው። ሰው ማንሳቱን በምን ያውቃል?

በመደበኛው ስልክ ዘመን በደንብ አያውቅም ነበር። በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ደዋይ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ርካሾቹ ደውለው ጥቂት ሰከንድ ይቆጥሩና ማንም ይኑር አይኑር ማውራት ይጀምራሉ። ሻል ያሉት "ቱ... ቱ..." የሚለውን የጥሪ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ቱቱታው ሲቋረጥ "አሃ፣ ተነሳ" ይላሉ። የሞባይል ኔትዎርክ ግን ስልኩ መነሳቱን ለደዋዩ በግልጽ ምልክት ይነግረዋል። ስለዚህ ሲም የሚወስድ ዕቃ ይህን የማወቅ ዕድል አለው። ዕድል አለው ማለት ግን ሁሉም ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። የድሮውን ልማድ ይዘው ሰከንድ የሚቆጥሩ ሲም ያላቸው ዕቃዎች በእጄ አልፈዋል።

እዚህ ላይ የእኛው አገር ነገር ይጨመርበታል። የጥሪ ማሳመሪያ። በጆሮው ለሚፈርድ ዕቃ "ቱ" የሚለው ድምፅ በመዝሙር ወይም በዘፈን ሲተካ ሰው ያነሳ ይመስለዋል። መልእክትዎን አንድም ሳያስቀር ለማሲንቆው ነግሮ፣ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይዘጋል። ስልክ ዝግ ሲሆን ይቅርታ ለምትጠይቀው የተቀዳች ሴትዮም እንደዚሁ። ሁለት የተቀዱ ድምፆች በሌሊት እየተነጋገሩ፣ ሰው ግን እንቅልፉን ይለጥጣል።

ስለዚህ የራስዎን ስልክ ይመልከቱ። ያን ሌሊት ከዕቃው ሲም ቁጥር ያመለጠ ጥሪ አለ? ካለ፣ ደውሏል፤ አልሰሙም ወይም ስልክዎ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ምንም ከሌለ፣ ስልክዎ ዝግ ነበር፣ ኔትዎርክ አልነበረም፣ ወይም ቁጥርዎ በትክክል አልተመዘገበም። ማሳመሪያ ካለዎት ያስወግዱት። የወንድምዎንም። ለጫጩት ሲባል ዘፈን ቢቀር ምን ይላል?

ለመጀመሪያው መቆረጥ ቀላሉ መድኃኒት ድምፅ ሲቀዱ ነው የሚሰጠው። የቀረጻ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ 3 ሰከንድ ያህል ዝም ይበሉ። ከዚያ ይናገሩ። ዕቃው መልእክቱን ደጋግሞ የማጫወት ምርጫ ካለው 3 ጊዜ እንዲደግም ያድርጉት። የመጀመሪያው ዙር ቢያመልጥ ሁለተኛው ይደርሳል።

አሁን ወደ ሌላው በሽታ። መጨረሻው ተቆርጦ ከሆነ ጥፋቱ ኃይል ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው። ሲደውል ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2ጂ የሚሠራ የሲም ሰሌዳ ድምፅ በሚያስተላልፍበት ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። ለቅጽበት ነው፣ ግን ይስባል። ባትሪው ካረጀ ያኔ ቮልቴጁ ዘጭ ይላል፤ ሰሌዳው ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። እርስዎ ዘንድ መብራት ጠፍቷል። ስለዚህ ቻርጀሩ የለም፣ ያለው ባትሪው ብቻ ነው። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሲሞከር አንድም እንከን የለበትም። ገጣሚውም "ይኸው ደወለልዎት" ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። የተገዛው ለመብራት መጥፋት ሆኖ፣ የተሞከረው መብራት እያለ ነው!

ባትሪው ምን ዓይነት እንደሆነ ክዳኑን ከፍተው ይዩ። ትንንሾቹ ውስጥ የስልክ ባትሪ የመሰለ ሊቲየም አለ። ተለቅ ባሉት ሳጥኖች ውስጥ ያለው እንደ ሞተር ሳይክል ባትሪ ያለ፣ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሚል ሊድ አሲድ ነው። ሊድ አሲዱ ከሆነ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ በቴስተር 13.5 እስከ 13.8 ቮልት ማሳየት አለበት። ከቻርጀር ነቅለው ጥቂት ሰዓት ሲያሳርፉት 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው። 12 አካባቢ ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜው ቢበዛ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ "አዲስ" ባትሪ ሲሸጥልዎ ግን ዕድሜው ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ እንደሚቆጠር አይርሱ። እዚያው ሱቅ ውስጥ በቴስተር ያስለኩት። የሚቆጣ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ስሌቱን ለማየት ያህል፦ ዕቃው ቁጭ ብሎ 100 ሚሊ አምፒር ቢበላ 7 አምፒር ሰዓት ለ70 ሰዓት ይበቃል ይላል ሒሳቡ። እኔ ግማሹን ነው የማምነው። ግማሹም ከአንድ ቀን በላይ ነው፣ ለሌሊት ይተርፋል። ሳይረኑን እዚያው ባትሪ ላይ ካሠሩት ግን እየጮኸ ቶሎ ይጨርሰዋል። ለመብራት መጥፋት ሳይረን አያስፈልግም። ጫጩት በጩኸት አይሞቅም።

ቻርጀሩንም ይዩልኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው አምፒር ስንት ነው? ግማሽ አምፒር የሚል ቻርጀር ተሰክቶበት "ይህ ዕቃ ጂኒ አለበት፣ በገዛ እጁ እየጠፋ ይነሳል" የተባለለት አንድ መጋዘን ነበር። ቻርጀሩን በ2 አምፒር ስቀይረው ጂኒው ወጣ።

አሁን ወደ ጫጩቶቹ ልግባ። የኔ ሙያ አይደለም፣ ግን አላርሙ የቆመው ለእነሱ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ይሄዳሉ። የእናንተን ሰፈር የሌሊት ብርድ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ጫጩት ሲበርደው ይጠጋጋል፣ ይደራረባል፣ ከሥር ያለው ይታፈናል። ብዙውን የገደለው ብርዱ ራሱ ሳይሆን መደራረቡ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰለዎት? የእርስዎ አላርም የሚጠብቀው መብራትን ነው። የሚያሳስብዎት ግን ሙቀት ነው። ጫጩቶቹን የሚያሞቀው አምፖል ሲቃጠል መብራት አልጠፋም፤ አላርሙም ዝም ይላል፤ ጫጩት ግን ያልቃል። ስለዚህ ከመብራት ሌላ አንድ ዞን፣ ማለትም አላርሙ ለብቻው የሚከታተለው መስመር፣ ለሙቀት ይስጡ። ሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሱ የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ ይግዙ። መለኪያውን በጫጩቶቹ ከፍታ ይስቀሉት፣ ጣሪያ ሥር አይደለም። ከሚፈልጉት ሙቀት 3 ዲግሪ ዝቅ ሲል ሪሌው እንዲለቅ ያድርጉ።

ገጣሚው መስመሩን ሲያገናኝ ደህና ሲሆን ዝግ፣ ችግር ሲፈጠር የሚከፈት አድርጎ እንዲሠራው አጥብቀው ይንገሩት። ያኔ አይጥ ሽቦውን ቢበላው፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው ኃይል ቢያጣ፣ ሌባ ቢቆርጠው፣ ሁሉም አላርም ይሆናል። በተቃራኒው ከተሠራ አይጧ ሽቦውን የበላች ዕለት ያለ አላርም ቀሩ፤ እርስዎ ግን አላርም ያለዎት መስሎዎት ይተኛሉ። ዶሮ ቤት አይጥ የለም የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ለመብራቱ ዞን የ3 ወይም የ5 ደቂቃ መዘግየት ይስጡት። ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ከደወለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማንም አያነሳውም። ከዚያ በላይ ግን አያዘግዩት። የኔትዎርክ ማማውም በራሱ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ነው የሚቆየው። መብራት በሰፊው ጠፍቶ ሰዓታት ካለፉ ማማው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ዕቃው መደወል ያለበት ማማው በሕይወት ሳለ ነው። ዕቃዎ የማዘግየት ምርጫ ከሌለው ሰዓት ቆጣሪ ሪሌ ይጨመርበታል። 220 ቮልት ስላለበት ይህን ለኤሌክትሪሺያን ይተዉት።

ሲም ካርዱ። እዚህ ላይ አልዘገይም፣ ግን አንዷም እንዳትዘለል። የፒን ቁጥር መጠየቁ ይጥፋ፤ አለበለዚያ ዕቃው ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሲሙ ተቆልፎ ይቀራል። ጥቅል ሳይሆን ዋናው ሂሳብ ውስጥ ብር ይኑር፤ ጥቅል ቀኑ ሲያልቅ ማንም አይነግርዎትም። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በወር አንድ ጊዜ አውጥተው ስልክ ውስጥ ከትተው በ*804# ይዩት። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ሲም እንደሚዘጋም ያውቃሉ። ቁጥር ሲመዘግቡ የቤት ስልክ ከሆነ 011ን አይርሱ። ዕቃውን በስልክዎ የሚያዙበት ከሆነ ደግሞ የእርስዎን ቁጥር በ+251 መልኩም ይሞክሩት። ጥሪ ሲገባ ቁጥርዎ በዚያ መልክ ሊታየው ስለሚችል በ09 ወይም በ07 የተመዘገበውን "አላውቅዎትም" ይላል።

ዶሮ ቤቱ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ከሆነ ኔትዎርኩ ውስጥ ይታፈናል። አንቴናው ብቻ በገመድ ውጭ ይውጣ። የራስዎን ስልክ ዕቃው ያለበት ቦታ ላይ አድርገው ይደውሉ፤ ድምፅ ከተቆራረጠብዎ ዕቃውም ላይ ይቆራረጣል። በውጭ ያለ ዘመድ አሜሪካ ገዝቶ የላከልዎ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሚሠራበትን ሞገድ ያረጋግጡ። እኛ አገር 2ጂ በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 850 እና 1900 ብቻ ከሆነ እዚህ መስማት የተሳነው ነው።

"የቤት ስልክ መስመር ባስገባስ?" የሚሉኝ አሉ። የመዳብ መስመር አንድ ትልቅ ጥሩ ነገር ነበረው፦ 48 ቮልቱን ከቴሌ ጣቢያው ይዞ ስለሚመጣ ሰፈሩ ቢጨልምም ስልኩ ይሠራል። በፋይበር የሚመጣው ግን ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያንን ለመብራት መጥፋት አላርም መጠቀም ራስን ማታለል ነው፣ ለሳጥኑም የባትሪ መጠባበቂያ ካልተደረገለት በቀር።

መልእክቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ሰው የማይጨነቅበት፣ እኔ ደግሞ ብዙ የተጨነቅሁበት ነገር ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ላይ ደዋይ ገጠምኩ። መልእክቱን የቀዳሁት በራሴ ድምፅ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ መልእክት መሰለዎት! "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ፣ ይህ ከመጋዘኑ የጥበቃ ሥርዓት የሚተላለፍ አውቶማቲክ መልእክት ሲሆን..." እያለ ይቀጥላል። አንድ ሌሊት በር ተከፈተ፣ ዕቃው የባለቤቱ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሱት እናታቸው ናቸው። "ማን ልበል?" አሉ። እኔ ሰላምታዬን ቀጠልኩ። "ጮክ በል ልጄ፣ ማን ልበል?" እኔም አልመለስኩም፣ እንዴት ልመልስ። እሳቸውም "ባለጌ፣ በሌሊት ሰው ቀስቅሶ ስሙን አይናገርም!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። "በር ተከፍቷል" የሚለው ቃል የነበረው መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ ግስን ወደ ኋላ ነው የሚያስቀምጠው። ቁም ነገሩ ሳይደርስ ሰው ይዘጋል።

ከዚያ ወዲህ የማስቀዳው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቃል ራሱ ቁም ነገሩ ይሁን። ሰላምታ የለም። ለእርስዎ ብጽፈው፦

"አላርም! የዶሮ ቤት አላርም ነው። መብራት ጠፍቷል። ጫጩቶቹ እየበረዳቸው ነው። ጄኔሬተሩን አስነሱ። የሰማ 1ን ይጫን።"

10 ሰከንድ አካባቢ ነው። በደንብ ከፈጠኑ ያንሳል፣ ግን አይፍጠኑ። ለተኛ ሰው ነው የሚናገሩት። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና አጭር ዓረፍተ ነገር። ከየትም ቢጀምር ትርጉም እንዲሰጥ ነው። ወንድምዎ "ጄኔሬተሩን አስነሱ፣ የሰማ 1ን ይጫን" የምትለዋን ብቻ ቢሰማ እንኳ የተሳሳተ ጥሪ ነው ብሎ አይተኛም ነበር።

የማይነገረውም አለ። "ግቢው ውስጥ ሰው የለም"፣ "ቁልፉ ከድንጋዩ ሥር ነው" የሚል ነገር እንዳይገባ። አንድ ቁጥር ተሳስቶ ቢመዘገብ ያንን የሚሰማው ማን እንደሆነ አያውቁም። ሰዓትም አይጥቀሱ፣ የተቀዳ ድምፅ ሰዓት አያውቅም። ሲቀዱ ሞባይልዎን ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ አጠገብ ከሆነ "ጥዝዝ" የሚለው የኔትዎርክ ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። አውራ ዶሮው ሲጮህም አይቅዱ። ወይም ይቅዱ፤ አንድ ደንበኛዬ ሆን ብሎ አስገብቶት "ዶሮ ከጮኸ የእኔ ነው ብዬ እነቃለሁ" ብሎኛል። አልተከራከርኩትም።

ዕቃዎ ለእያንዳንዱ ዞን የተለየ መልእክት የሚቀዳ ከሆነ ይጠቀሙበት፤ ለበር ሌላ፣ ለመብራት ሌላ፣ ለሙቀት ሌላ። አንድ ብቻ ከሆነ "መብራት ጠፍቷል" የምትለዋን አውጥተው "ዶሮ ቤት ችግር አለ፣ ሄዳችሁ እዩ" ይበሉ። በር ሲከፈት መብራት ጠፍቷል የሚል አላርም ሰውን ያሳስታል። በጽሑፍ መልእክት አይሻልም ወይ የሚሉም አሉ። በፊደላችን የተጻፈ መልእክት በአንድ ጊዜ 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ብዙዎቹ ዕቃዎችም አይጽፉትም። ዋናው ግን ጽሑፍ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም።

"የሰማ 1ን ይጫን" ያልኩትን ልብ ይበሉ። ለእኔ ከመላው ዕቃ ውድ ክፍሉ ይህ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ላይ # ነው፣ ሌላው ላይ ሌላ ቁጥር ነው፣ መመሪያው ላይ ይፈልጉት። ይህ ምርጫ ሲበራ ደዋዩ የሆነ ሰው በጣቱ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ተራ በተራ እየዞረ ይደውላል። ማሲንቆው ቁልፍ አይጫንም። ይቅርታ የምትጠይቀዋ ሴትዮም አትጫንም። እንቅልፍ ላይ ሆኖ አንስቶ የዘጋም አልተጫነም። የእርስዎ ዕቃ ይህ ምርጫ ካለው እና ጠፍቶ ከሆነ፣ ያን ሌሊት ወንድምዎ ሲዘጋው "ነግሬያለሁ" ብሎ ያረፈው ለዚህ ነው። ጭራሽ ከሌለው፣ ያኔ "ሌላ ልግዛ?" ለሚለው ጥያቄዎ አዎ እልዎታለሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ደግሞ ልገምት። አንደኛ እርስዎ፣ ሁለተኛ ወንድምዎ፣ ሦስተኛ ባለቤትዎ ወይም እህትዎ። ሁላችሁም መሃል ከተማ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከመገናኛ ቱሉ ዲምቱ በምን ይሄዳሉ? ቢሄዱስ ጫጩቱ ይጠብቃል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው። አንደኛ ቁጥር በ5 ደቂቃ በእግሩ የሚደርስ ሰው ይሁን። የጥበቃ ሠራተኛ ካለዎት እሱ፤ ከሌለዎት አጥር የሚጋራዎት ጎረቤት። እርስዎ ሦስተኛ ይሁኑ። ጎረቤቱን ግን ሄደው ያነጋግሩት፣ በስልክ አይደለም። ቡና እየጠጡ የተቀዳውን ድምፅ ያሰሙት፣ 1ን ያስጫኑት፣ ጄኔሬተሩ እንዴት እንደሚነሳ ያሳዩት። ጄኔሬተር ከሌለ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጆንያ ጠቅልሎ መሃላቸው ማስቀመጥ ጊዜ ይሰጣል። ከሰል ከሆነ ውጭ በደንብ ተቀጣጥሎ ይግባ፣ ቤቱም መተንፈሻ ይኑረው፤ የከሰል ጋዝ ጫጩትም ሰውም ይገድላል።

እያንዳንዱ ሰው የዕቃውን ቁጥር "ዶሮ ቤት አላርም" ብሎ ስልኩ ላይ ይመዝግብ። የማይታወቅ ቁጥር በሌሊት ማን ያነሳል? የተለየ የጥሪ ድምፅ ይስጡት፣ ስልኩ ድምፅ አልባ ሲሆን እንኳ እንዲጠራ ያስተካክሉት። ሚስኮል ነው ብሎ መልሶ የሚደውል እንዳይኖርም ይንገሩ። መልሶ ሲደውል መስመሩን ይይዝበታል፤ ዕቃው ለሚቀጥለው ሰው መደወል አይችልም። ዕቃው ለእያንዳንዱ ሰው የሚጠራበት ጊዜም 20 ሰከንድ ከሆነ ወደ 40 ያሳድጉት። የተኛ ሰው ስልኩን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል።

991 እና 939ን እዚያ ውስጥ እንዳይከቱ። ፖሊስም እሳት አደጋም የሚፈልጉት ጥያቄ የሚመልስ ሰው ነው። የተቀዳ ድምፅ "የት ነው? እሳቱ ምን ላይ ነው?" ቢባል ያንኑ ይደግማል፤ መስመሩን ለሚያስፈልገው ሰው ይዘጋል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ በቀጥታ ወደ 911 መደወል በሕግ የተከለከለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሰው ሄዶ ይይ፣ ከዚያ ሰው ይደውል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀሩ። የመክፈቻ ቁጥሩ 1234 ወይም 0000 እንደሆነ ከቀረ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ሲም ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ አላርሙን ሊያጠፋው ይችላል። በራሱ ሰዓት የሚበራ ካደረጉት ደግሞ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ማታ 4 ሰዓት እንዲበራ ከፈለጉ የሚጻፈው 22:00 ነው። 4:00 ብለው ከጻፉ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ንጋት 10 ሰዓት ላይ ይነቃል። ይህንን ስሕተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ማን ቤት እንደሆነ ግን አልናገርም።

ቀጣዮቹ ጫጩቶች ከመግባታቸው በፊት አንድ ማታ ሙከራ ያድርጉ። ዶሮ ቤቱ ባዶ እያለ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ለጎረቤት ቀኑን ሳይነግሩ። ዋናውን ብሬከር ዝቅ ያድርጉና ቆመው ይጠብቁ። መዘግየቱ ስንት ደቂቃ ወሰደ? ማን አነሳ? 1ን ማን ተጫነ? በር ላይ የደረሰውስ በስንት ደቂቃ ደረሰ? ሁለት ሰዓት ያህል መብራቱን ሳይመልሱ ይቆዩና ዕቃው አሁንም መደወል መቻሉን ደግመው ይሞክሩ። ባትሪው ካረጀ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ሲሙን በሚያዩበት ቀን፣ ብሬከሩን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ወንድምዎ የትኛውን ግማሽ እንደሰማ ሲነግርዎት ይጻፉልኝ። የዕቃውን የውስጥ ሰሌዳ እና የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ ደግሞ ያ "1ን ይጫን" የሚለው ነገር አለው የለውም የሚለውን አብረን እናያለን።